«ምን ጠፍቶ» የተባለበት ገበታ

መካነ ሰላም ውስጥ እታገኘሁ ቤት የተጋበዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። እንጀራው ከመቆረሱ በፊት የጎደለውን ትናገራለች። «ዛሬ ቅቤው አልበቃኝም፤ ዶሮዋም አሮጊት ናት» ትላለች፣ እንግዳው ፊት፣ ባሏ አጠገብ። ሰው ያፍራል። አንዳንዱም ከደጅ ሲወጣ «ስስታም» ይላታል። ስስታም አይደለችም። እንዲህ የሆነችው ከስልሳ ስድስት ጥቅምት ወዲህ ነው።

ባሏ ክንፈ እህል ነጋዴ ነበር። ያን ጊዜ ከደሴ ሦስት ሹማምንት ይመጣሉ ተባለ፤ የአገሩን ሁኔታ አይተው፣ ረሃብ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለውን ለበላይ ሊያስታውቁ። ገብቷል ካሉ የእርዳታ እህል ይጫናል። አልገባም ካሉ ቀረ። ከተማው ውስጥ ለሹም የሚሆን ማረፊያ ስላልነበረ እራቱ በክንፈ ቤት ሆነ።

ከሦስቱ አንዱ ሙስሊም ነው። ይኼ ማለት ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ፣ ሁለት ትሪ ማለት ነው፤ የአንዱ ጭልፋ የሌላውን ወጥ እንዳይነካ። እታገኘሁም አጥር የምትጋራትን ፈትሂያን ጠራች። ፈትሂያ የቁርኣን አስተማሪ ሚስት ናት፤ እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ ድግሱን አብረው ነው የሚወጡት። ጓሮ ተቀምጠው ሽንኩርት እየላጡ ገበታውን ተከፋፈሉ።

«በኔ በኩል ዶሮ ወጥ፣ የበግ አልጫ፣ ጥብስ፣ አይብና ጎመን። ጠጁ ደርሷል።»

«በኔ በኩል ቀይ ወጥና ቅቅል ይበቃል። ለሚጠጣው ቅሪቦ አለኝ» አለች ፈትሂያ። ቅሪቦ የማያሰክረው የገብስ መጠጥ ነው። ከዚያ መላጧን አቆመች።

«ምነው?»

«ወላሂ ምንም። ሳዲያ መጥታ ነው።» ሳዲያ ታናሽ እህቷ ናት፤ ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርደው ቆላ ተድራ የምትኖር። «ልጆቿን ይዛ። ከብቱ አልቋል፤ ሳማ ሲቀቅሉ ነው የከረሙት። የጥብስሽ ሽታ አጥሩን ተሻግሮ ሲመጣ ለልጆቹ ምን እንደምላቸው ነው የማስበው።»

እታገኘሁ ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ሰዎቹ ቆላ የሚወርዱ ይመስልሻል?»

«እኔ እንጃ። መጀመሪያ የሚያዩት ያንቺን ትሪ ነው።»

ይኼ ቃል ሲከነክናት ዋለ። አሰበችና መላ አገኘችለት። ሹማምንቱ የሚገቡት ማክሰኞ ነው። እራቱ በአንድ ቀን ቢገፋ ረቡዕ ይሆናል፤ ረቡዕ ደግሞ ጾም ነው። በጾም ቀን ሽሮና ጎመን ያቀረበ ቤት አይታማም። ማንም ሳይዋረድ ገበታው የአገሩን መልክ ይይዛል።

«መንገድ ይደክማቸዋል» አለችው ክንፈን። «ማክሰኞ ይረፉ፤ ግብዣውን ረቡዕ እናርገው።»

ክንፈ ሳቀ። «ከደሴ ድረስ አቧራ ሲግጥ መጥቶ ሽሮ? አንቺ ሴት፣ ጎተራዬን ልታስፈትሺ ነው? የጠገበ ሹም የሰው ጎተራ አይጠይቅም።»

ጎተራው ሙሉ ነበር። እሷም ታውቃለች። እዚህ ላይ ነው አፏ የተያዘው። ማክሰኞ ይሁን ተባለ።

ክፋቱ፣ ምግቡ ሠመረ። ሽንኩርቱ በእርጋታ ደረቁን ተቁላልቶ፣ ቅቤው በጊዜው ገብቶ፣ ዶሮው ከአጥንቱ ሳይላቀቅ በስሎ ወጣ። የፈትሂያም ቅቅል መረቁ ጥርት ያለ ነበር። እንግዶቹ ላብ ላብ እስኪላቸው በሉ። አለቃቸው፣ መነጽር ያደረገው ወፍራም ሰውዬ፣ ቀና ብሎ ማስታጠቢያውን ይዛ የቆመችውን እታገኘሁን አያት።

«እመቤት፣ በዚህ ዓመት ይኼን ሁሉ ከየት አመጣችሁት? ችግር አለ ይባላል። እዚህ የጎደለ ነገር አለ?»

የጠየቀው እሷን ነው። ክንፈ ዓይኑን ተከለባት። ፈትሂያ የጓዳውን መጋረጃ ይዛ ቆማለች። እንዲህ ሲባል የቤት እመቤት የምትመልሰው ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ነው፤ በእንግዳ ጉርሻ ላይ ጉድለት አይወራም።

«ምን ጠፍቶ፣ ጌታዬ! ምን ጎድሎ! ይብሉ እንጂ፣ በሞቴ!» አለችና አጎረሰችው።

ሰውዬው እያኘከ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? የባለቤቲቱ ቃል ይበቃናል። ደሴ የሚወራው ወሬ ነው።»

መጋረጃው ወረደ።

ጠዋት ላንድሮቨሩ አፍንጫውን ወደ ቆላ ሳይሆን ወደ መጣበት አዙሮ ተነሣ። እታገኘሁ የስንቁን ዳቦ ይዛ ወጣች፤ ዳቦውን ግን አልሰጠችም። የመኪናውን በር ያዘች።

«ጌታዬ፣ ማታ ያልኩት ለወጉ ነው። ጎድሏል። ቆላው አልቋል። ከቆላ የመጡ እዚሁ አጥሩ ሥር አሉ፤ ይውረዱና ይዩዋቸው።»

አለቃው በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ክንፈን አየው። «አቶ ክንፈ፣ አብዝተን በላን መሰለኝ። ባለቤትዎን ቆጫቸው!»

ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ክንፈም ሳቀ፤ «ይተዋት ጌታዬ፣ ደክሟት ነው» ብሎ ክንዷን ይዞ ወደ ኋላ ሳባት። ሙስሊሙ ብቻ አልሳቀም። እሱም ቢሆን ከመኪናው አልወረደም።

ጓዳ ስትገባ የእሷ ድስት ገና ከግማሽ በላይ አለ። ያ ሁሉ ሥጋ የክርስቲያን እርድ ነው፤ ለሳዲያ ልጆች አይሆንም። የፈትሂያው ድስት ደግሞ ለአንድ እንግዳ የተሠራ ነበርና ተጠርጎ ተበልቷል። እንጀራውን፣ አይቡንና ጎመኑን፣ ያንን ዳቦም ጨምራ በአጥሩ ቀዳዳ አቀበለች። ፈትሂያ ተቀብላ «አላህ ይስጥሽ» አለች፣ እንደ ወትሮው። ብትሰድባት ይቀላት ነበር።

እህል የጫነ መኪና አልመጣም። ኅዳር ሳይወጣ ሳዲያ ትንሿን ልጇን ቀበረች። እታገኘሁ ለቅሶው ላይ ተቀመጠች፤ የጎተራው ቁልፍ ግን ከክንፈ ወገብ አልወረደም፣ እሷም አጥብቃ አልጠየቀችውም። በዓመቱ አብዮቱ መጣና ጎተራውን ሌሎች ከፈቱት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ገበታ ስታቀርብ የጎደለውን ትቆጥራለች። ቅቤ የለም፣ በርበሬው አንሷል፣ እርሾው አልበቃም። እንግዳ ሁሉ «ኧረ ምን ጎድሎ» ይላታል። ፈትሂያ ጎመን ተጋብዛ ስትመጣ ግን እንደዚያ አትልም። አድምጣ ትጨርስና ቀስ ብላ፣ «ሌላስ?» ትላታለች።

እታገኘሁ ውኃውን አንስታ እጇን ታስታጥባታለች።