እንደታሸገ የተገኘው የሽቦ ብሩሽ

ዛሬ ጠዋት ጋራዣችን ሲያፈስ መሰላል ላይ ወጥቼ ጣሪያውን ነካ ባደርገው ጣቴ ቆርቆሮውን በስቶት ገባ!

ካቻምና የቀባልን አበልጄ ነው፣ የልጄ የክርስትና አባት። «ዝገቱን ሙልጭ አድርጌ ፍቄ፣ ጸረ ዝገት ቀብቼልሃለሁ» ብሎኝ ነበር።

ወጥቼ አላየሁም። የአበልጅ ሥራ ይመረመራል እንዴ? ነውር ነዋ!

መሰላሉን ስመልስ ግን፣ ዝገቱን እንዲፍቅበት የገዛሁለትን የሽቦ ብሩሽ ጋራዡ ጥግ አገኘሁት። ከነላስቲኩ፣ እንደታሸገ። ለካ ዝገቱ ላይ ነው የቀባው!

ኮል አደረግኩለት። «አበልጄ፣ የሲያትል የባሕር እርጥበት እኮ ብረት ይበላል» አለኝ።

የሱ ቤት ከኔ ይልቅ ለባሕሩ ይቀርባል። ቆርቆሮው እስከዛሬ ያብረቀርቃል። እርጥበቱም ሰው ይመርጣል ማለት ነው።

ሶ፣ «የኛው ሰው ነው» ብላችሁ ሳታዩ ያለፋችሁት ሥራ ካለ ጻፉልኝ። ቆርቆሮውስ ይቀየራል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ልጄ የክርስትና አባቷን «አባባ!» ብላ ሮጣ ስታቅፈው እኔ ወዴት ልይ?