በራሰ በራነቴ ሽማግሌ ሆኜ በላያን የወጣሁ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ ክልላችን ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ፣ የኅዳር ወር ሊያልቅ ሲል ነው። ዕድሜዬ ከሃያ አምስት አይበልጥም ነበር። ዛሬም ብርድ ሲመታኝ ብቻዬን የምስቀው በዚያ ቀን ምክንያት ነው። ቤተሰቦቼ «ምን ሆነህ ነው?» እያሉ ስላሰለቹኝ ይኸው ለሁሉም አንድ ጊዜ ልንገር።

ያደግሁት አሶሳ አጠገብ ባለ የሰፈራ መንደር ነው። ወላጆቼ ከወሎ ሲመጡ ትንሽ ልጅ ስለነበርሁ ስለ ደጋ የማውቀው አባቴ የሚያወራውን ብቻ ነው። ግብርና ተምሬ እንደጨረስሁ ማንቡክ የምትባል የቆላ ከተማ ተመደብሁ። አሶሳና ማንቡክ አንድ ክልል ይባሉ እንጂ ዓባይ መሃላቸው ስለተጋደመ፣ ያን ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው በወለጋ ዞሮ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ጎጃምን አቋርጦ ነበር። ቤተሰብ ልጠይቅ ያለ ሰው የዓመት ፈቃዱን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ማንቡክ ያኔ የየመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ልጅ እግር ነበር። ኃላፊው ልጅ፣ ገንዘብ ያዡ ልጅ፣ ዳኛው ሳይቀር ጺሙ በደንብ ያልበቀለ። ሁላችንም ከየአገራችን ተመድበን የመጣን ነን፤ አባት፣ አጎት የሚባል ዘመድ አጠገባችን የለም። ለሥራው ይህ ምንም ችግር አልነበረም። ሚስት ማግባት ሲመጣ ግን ጣጣው የት እንዳለ ታየን።

ከእኔ ጋር አንድ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ደሳለኝ የሚባል የነቀምት ልጅ ነበር። የወባ መከላከያ ሠራተኛ ነው። ትርንጎ የምትባል አስተማሪ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ትርንጎ የተወለደችው በላያ ተራራ ላይ ነው፤ ከማንቡክ ቆመን አሻቅበን የምናየው፣ ጠዋት ጠዋት ጉም የሚለብሰው ተራራ። አባቷ አቶ ካሴ ደግሞ ቆላ የሚባል ነገር ስሙ ሲነሳ ይንገፈገፋሉ። ታናሽ ወንድማቸው ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ ወባ ገድሎታል። ልጃቸው ማንቡክ ማስተማሯን ራሱ በግድ ነው የታገሡት። እዚያው ተራራው ላይ ላለ የጎረቤት ልጅ ሊድሯት አስበው፣ የልጁን ሽማግሌዎች ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጥረዋል ተባለ። እነሱ ከቀደሙን አለቀ። ደሳለኝ በዚያ ሰሞን ሲበላ አላየሁትም።

ሦስት ሽማግሌ ያስፈልጋል። አንደኛው በቀላሉ ተገኘ፤ አቶ ጓንጉል የሚባሉ የማንቡክ ነጋዴ፣ አቶ ካሴን የሚያውቁ፣ ነገር አዋቂ ሰው ናቸው። ሁለተኛው አቶ ሀሩን ሆኑ። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር፣ የአሶሳ በርታ ተወላጅ፣ በአካባቢው ከነበርነው የመንግሥት ሠራተኞች ሽበት ያላቸው እሳቸው ብቻ። ሦስተኛ ጠፋ። ደሳለኝ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆይቶ ድንገት ዓይኑን ጭንቅላቴ ላይ ተከለ። ፀጉሬ በጊዜ ነው የከዳኝ፤ በሃያ አምስት ዓመቴ መሃል አናቴ መስታወት ሆኖ ነበር። ሲቀልዱብኝ ኖረው አሁን ለቁም ነገር ፈለጉኝ። ጺሜን እንዳልላጭ ታዘዝሁ፤ ከዘራም ተውሰው ሰጡኝ። «አንተ ዝም ብለህ ቁም፤ የሚናገሩት ጋሽ ጓንጉል ናቸው» አሉኝ።

ልንነሳ ዋዜማ አቶ ጓንጉልን ወባ ጣላቸው።

ቤታቸው ስንደርስ አልጋው ከነሰውየው ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ ያለው ጋቢ ሁሉ ተከምሮባቸዋል፤ ሊያውሱኝ ቃል የገቡልኝ ጭምር። በወባ የተነሳ ልጁን የማይሰጥ ሰው ዘንድ ልንሄድ ስንል ዋናው ሽማግሌያችን በወባ ወደቀ፤ እንዴት ያለ ጉድ ነው! ደሳለኝ እንባው እየመጣ ኪኒኑን ራሱ አስዋጣቸው። ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ ስላልነበረ እኔና አቶ ሀሩን ሁለታችን እንድንሄድ ተወሰነ። ለእኔ ጋቢው ቀርቶ ነጠላ ተሰጠኝ።

ስንቃችንን ያሰናዳው ደሳለኝ ነው። የቆላ ሰው ስንቅ ነዋ! አንድ ጀሪካን ውኃና አንድ አጎበር አሸከመን። እኔም ብሆን ትክክል መስሎኝ ተሸከምሁ። ምንጭ በየጥጉ የሚፈልቅበት ተራራ ላይ ውኃ ይዘን፣ ትንኝ በሌለበት አገር አጎበር ይዘን ወጣን። ወፍራም ልብስ ግን አንዳችንም ትዝ አላለንም።

መንገዱ ግን እንዴት ደስ ይላል! ከሥር ቀርከሃው ውስጥ ለውስጥ ሄድን፤ ላብ አጠመቀን። ከፍ እያልን ስንሄድ ዛፉም ነፋሱም ሌላ ሆነ። አቶ ሀሩን ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ትንሽ ሄደው ይቆማሉ፣ ትንሽ ሄደው ይቆማሉ። «አየሩን ማነው የወሰደው እዚህ?» ይሉኛል። እኔም ጆሮዬ ደንቁሮ፣ ልቤ እንደ ወፍጮ እየመታ ስለነበር መሳቅ እንኳ አቅቶኝ አለከልካለሁ። አንድ ገደል አፋፍ ላይ ስንደርስ ቆላው ሁሉ ከእግራችን ሥር ተዘረጋ። አቶ ሀሩን አሶሳ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቁኝ። ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ከጭጋጉ ወዲያ አሳየኋቸው። እጃቸውን አንሥተው ለሚስታቸው ሰላምታ ላኩ። በመኪና ስንት ቀን ዞሮ የሚደረስበትን አገር እንዲህ በእጅ ሰላም ማለታቸው እኔንም ናፍቆቴን ቀሰቀሰው፤ እኔም እናቴን ሰላም አልሁ።

ያን ቀን ከተራራው ወገብ ላይ ካለች መንደር አደርን። ያሳደረን ሰው አጎበሩን አይቶ ምንነቱን ጠየቀ። ስንነግረው ሚስቱን ጠርቶ አሳያት፤ ሳቃቸው አላባራ አለ።

ሽማግሌ ማልዶ ነው የሚደርሰው። በማለዳ ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ጨው የተደፋ መሰለኝ። አቶ ሀሩን ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው ቀመሱት፤ አሁንም ቀመሱት። አባቴ የሚያወራው ውርጭ ይህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እንደ ልጅ በደስታ ረገጥሁት። ብዙ ሳይቆይ ግን ደስታው ከእግሬ ጣት ጀምሮ ጠፋ።

አቶ ካሴ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሰው ናቸው። እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዴ ከጓዳ በኩል ቆመው ያዩናል። ግቡ ተባልን፤ ደጃፉ ላይ ቆምን። ተቀመጡ ተባልን፤ አልተቀመጥንም። ሽማግሌ የመጣበት ነገር ሳይሰማለት ከተቀመጠ ልመናውን ራሱ አፈረሰ ማለት ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ጀርባችን ውጭው፣ ፊታችን ቤቱ። ነፋሱ በነጠላዬ እንደ ወንፊት ያልፋል።

አቶ ሀሩን ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። የልጅ ልጅ ይዩ፣ ይህ ቤት ይስፋ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። አቶ ካሴ የሚሰሙም አይመስሉም። አቶ ሀሩን ተናግረው ሲያበቁ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤

«ጓንጉል ይመጣል ተብዬ ነበር። የት ቀረ?»

መንገድ ሄዷል ሊባል ይችል ነበር። ዘመድ ሞቶበታልም ይባላል። ግን አቶ ሀሩን ውሸት የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። ወደ መሬት አዩና «ወላሂ አልዋሽም፤ ወባ ይዞታል» አሉ።

ወባ! እኔም እንቅጥቅጤ የጀመረኝ ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ጉልበቴ፣ ከዚያ መንጋጋዬ፣ ከዚያ መላ አካላቴ። በሁለት እጄ የያዝሁት ከዘራ ደፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ቋ ቋ ቋ ማድረግ ጀመረ። ጠበቅ አድርጌ ስይዘው ይብሳል። አቶ ካሴ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኒህንም ይዟቸዋል» አሉ በሐዘን። «ወንድሜም እንዲህ አድርጎት ነበር። በሉ ልጄን ተዉልኝ።»

ሰውየው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የደሳለኝ ፊት መጣብኝ፤ አንድ ሕይወቱ በእኔ ጥርስ መንገጫገጭ ሊበላሽ ነው። መናገር ፈለግሁ፤ ከንፈሬ ደርቆ አልታዘዝ አለ።

አቶ ሀሩን ናቸው የተናገሩልኝ። «ይሄ ወባ አይደለም፤ ብርድ ነው። እኛ አገር ወባ አለ፤ እናንተ አገር ደግሞ ይሄ አለ። ለወባው ደሳለኝ አለ፤ መድኃኒት አለው፣ ይሄው ይሄን ሰጠን» ብለው አጎበሩን ከጥቅሉ ፈተው ዘረጉት። «ለእናንተ ብርድ ማን አለ?»

አቶ ካሴ አጎበሩን አላዩትም። እኔን ነው የሚያዩት። ወባ ከሆነ መንቀጥቀጡን እሳት እንደማያቆመው፣ ብርድ ከሆነ ግን እንደሚያቆመው ተናገሩና «እስቲ ይምጡና እሳት ዳር ይቀመጡ፤ እንየው» አሉኝ።

አሁን የባሰው መጣ። ሄጄ ብቀመጥ ልመናው ሳይሰማ ተቀመጠ ተብሎ ሽምግልናው ፈረሰ። ባልሄድ ደግሞ ወባ ነው ተባለ፤ ትርንጎም ቀረች። አቶ ሀሩንን አየሁ፤ እሳቸውም እኔን ያያሉ። እሳቱ ከፊቴ ይነዳል፤ እግሬ ሂድ ሂድ ይለኛል። እዚያው ቆምሁ። ቋ ቋ ቋ።

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ውዴ ማንንም ሳያስፈቅዱ ወደ እሳቱ ሄዱ። በትልቅ ገል ፍም ዝቀው መጡና እግሬ ሥር፣ ደጃፉ ላይ አስቀመጡት። ቀና ብለውም አላዩኝ። ሄደው ሁለተኛ አመጡ፤ የራሳቸውን ጋቢም ከትከሻቸው አውርደው አለበሱኝ። እኔ አልተቀመጥሁም፤ እሳቱም መጣልኝ። የእኚህ ሴት ብልሃት አንጀቴን አራሰው።

ሙቀቱ ከእግሬ እየተነሳ ወጣ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከዘራውን ነው የሚያዳምጠው። ቋ፣ ቋ አለ። ቆይቶ ቋ አለ። ከዚያ ዝም አለ።

አቶ ካሴ ጥቂት ጠበቁ። መልሶ እንዳልጀመረኝ ሲያዩ ከጋቢያቸው ሥር ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁ። ለካ እየሳቁ ነው! ሚስታቸውን፣ ፍሙን፣ እኔን እያዩ ይስቃሉ።

«አሁን ተቀመጡ» አሉ። «ነገራችሁን ሰምቻለሁ።»

እኔና አቶ ሀሩን አንድ ላይ ዘጭ አልን። ሆዴ ቅቤ ጠጣ። አቶ ካሴ አንድ ቃል ግን አስገቡን፤ ክረምት ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጃቸው ወደ ደጋ ትወጣለች። እንኳን ክረምቱን፣ በጋውንም ቢጨምሩ እሺ እንል ነበር። የነቢያት ጾም ስለነበር የቀረበልን ድንች በሚጥሚጣና የገብስ ቂጣ ነው፤ ሥጋውን ያረደው ክርስቲያን ነው እስላም የሚል ነገር ስላልነበረ አቶ ሀሩንም እኩል በሉ። ወይዘሮ ውዴ እጄን ሲያስታጥቡኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ትርንጎ ሁሉን እንደነገረቻቸው፣ ከመስከረም ጀምሮ ሲጠብቁን እንደነበር ሹክ አሉኝ። አጎበሩን ግን አልመለሱልንም፤ ጣታቸውን እየሰደዱ ቀዳዳውን ሲፈትሹ ነበር የተውናቸው።

ማንቡክ ስንገባ ደሳለኝ ከከተማው ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሟል። አቶ ሀሩን ባዶውን ጀሪካን እንደ ከበሮ እየመቱ ነበር የወረዱት፤ ስለዚህ ማንም የነገረው ሳይኖር ገባው። በጥር ተጋቡ። አቶ ጓንጉልም ድነው ሠርጉ ላይ ከሁላችንም በላይ ጨፈሩ።

ደሳለኝና ትርንጎ ኋላ እንደ እኔው ወደ አሶሳ ተዛወሩ፤ ጎረቤቶቼ ናቸው። ባለፈው ጥር የበኩር ልጃቸውን የሚለምኑ ሽማግሌዎች መጡ። እኔ በልጅቷ ወገን ሆኜ ከውስጥ ተቀምጫለሁ። ሰዎቹ በአሶሳ ሙቀት ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ደጃፉ ላይ ቆሙ። አንደኛው በጣም ልጅ ነው፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ደሳለኝም የአባትነት ነገር ሆኖበት ፊቱን ኮስተር አድርጎ ያቆማቸዋል። ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። ለዚያ ልጅ ቀዝቃዛ ውኃ በጣሳ አምጥታ እንደቆመ ሰጠችው፤ እንደ እናቷ ቀና ብላም አላየችው። ደሳለኝ ዞሮ አየኝ። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ አጎንብሻለሁ። «በሉ ተቀመጡ» አላቸው።

አሁን ራሰ በራነቴ ከዕድሜዬ ጋር ተስማምቷል፤ ከዘራውም የራሴ ነው። ለሽምግልና የሚጠራኝ ሰው ብዙ ነው፤ ሳልሰለች እሄዳለሁ። ከሁሉም ግን ደስ የሚለኝ ያ በአናቴ ብቻ ተመርጬ የሄድሁበት ነው። ወይዘሮ ውዴ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። እግሬ ሥር ያስቀመጡት ፍም ግን እስከ ዛሬ ይሞቀኛል።