የተጠረገው ቅባት

ኮምፒውተሩ ለመከፈት አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ጋሽ ደቂቃ በእጅ ሰዓታቸው ለክተውታል። ይህን ቅጽል ስም ያተረፉት አርባ ዓመት ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ ስለኖሩ ነው። ዐይናቸው ደክሞ ሱቃቸውን ከዘጉ ወዲህ ስሙ እንደ ጡረታ አበል ሆኗቸዋል፤ ዕቃ ተበላሽቶ ሰው ሲከራከር፣ "ጋሽ ደቂቃ ካሉ አለቀ" ይባላል።

ኮምፒውተሩ የሴት ልጃቸው ነው። እቤት ሆና ለማተሚያ ቤቶች የመጽሐፍ ገጽ ታቀናብርበታለች። ሥዕል ያለበት ገጽ በከፈተች ቁጥር ማሽኑ ድርቅ ይላል፤ እሷም ድርቅ ብላ ትጠብቀዋለች። አዲስ መግዛት የሚታሰብ አልነበረም።

"አባዬ፣ ይሄ ነገር እኔን ሳይቀብር አይሞትም" አለች አንድ ቀን።

"ቆይ እስቲ ልየው" አሉ።

እሳቸው "ልየው" ካሉ የምራቸውን ነው። ሦስት ቀን አነበቡ፣ ሰው ጠየቁ፣ ወረቀት ላይ ሣሉ። ነገሩ ሲገባቸው እንደ ሕፃን ደስ አላቸው። ኮምፒውተር ለካ ቁም ሳጥንና ጠረጴዛ አለው! በቁም ሳጥኑ ሥራው ሁሉ ተከማችቶ ያድራል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ አሁን የሚሠራው ብቻ ይዘረጋል። ጠረጴዛው ሜሞሪ ይባላል። የልጃቸው ኮምፒውተር ጠረጴዛው ጠባብ ስለሆነ፣ አንዱን ሥዕል ለመዘርጋት ሌላውን አጥፎ ቁም ሳጥን መክተት አለበት፤ እንዲህ ሲያጥፍና ሲዘረጋ ይውላል። መድኃኒቱ ጠረጴዛውን ማስፋት ነው፤ ያገለገለ ሜሞሪ ገዝቶ ከነባሩ ጎን መሰካት።

ሜሞሪውን ከአንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ገዙ። ሻጯ ቁጥብ ወጣት ናት። የማሽኑን ሞዴል ጠየቀች፤ የሚስማማውን መረጠች፤ እፊታቸው በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰክታ ሞክራ ሰጠቻቸው።

ሥራው ከዚህ በኋላ ቀላል ነበር፤ መክፈት፣ መሰካት፣ መክደን። ግን ሰዓት ሠሪ የከፈተውን ሳያጸዳ አይከድንም። አቧራውን በብሩሽ አራገፉ። ማራገቢያውን ፈቱ። ከሥሩ ያለውን የብረት ቁራጭ ሲያነሡ ፕሮሰሰሩ፣ የማሽኑ አንጎል የሚሉት፣ ብቅ አለ። ላዩ ላይ ግራጫ ቅባት ደርቆ ተለጥፏል። ጋሽ ደቂቃ ዕድሜ ልካቸውን የተከተሉት ሕግ፣ ያረጀ ዘይት ከዘይት ማጣት ይብሳል የሚል ነው። በአልኮል ጠረጉት፤ እንደ መስተዋት እስኪያበራ። አዲስ ልቀባው ይሆን ብለው አሰቡ። "እዚህ የሚዞር ነገር የለም፤ የማይዞር ነገር ምን ዘይት ያሻዋል?" አሉና ገጠሙት። ለሰዓት ቢሆን እውነታቸውን ነበር።

ኮምፒውተሩ በአምስት ደቂቃ ተከፈተ። ልጃቸው እልል ልትል ምንም አልቀራት። በአሥረኛው ደቂቃ ድርግም ብሎ ጠፋ። አበሩት፤ ሠራ፤ ዳግመኛ ጠፋ። አዲስ የገባው ሜሞሪው ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሜሞሪው ነው። የጠረጉትን ከቁጥር አላስገቡትም። ማጽዳት ጥፋት ሊሆን ይችላል ብለው አስበው አያውቁም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሱቁ በሰው ጢም ብሎ ሳለ ገቡ።

"የሞተ ዕቃ ነው የሸጥሽልኝ!"

"ጋሼ፣ እርስዎ እያዩ እኮ ነው የሞከርኩት..."

"እና እኔ ነኝ ውሸታሙ? አንቺ ሳትወለጂ ዕቃ ስፈታ ነበር!"

"አይ፣ ምናልባት ሌላ ነገር ነክተው እንደሆነ ብዬ..."

"ነካካ ልትዪኝ ነው! እኔን!"

ሰው ሳቀ። አንዱ ደንበኛ፣ "ምነው እቴ፣ ለሽማግሌ እንኳ አትራሪም?" አላት። ባለሱቁ መጥቶ አንዴም ሳይጠይቅ ሌላ ሜሞሪ ሰጣቸው። ሻጯን ደግሞ፣ "አንቺ ከዛሬ ጀምሮ መጋዘን ገብተሽ ዕቃ ቁጠሪ፤ ደንበኛ ፊት እንዳላይሽ" አላት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ከመጋዘኑ መጋረጃ ጀርባ ገባች።

ሁለተኛው ሜሞሪ ተሰካ። ኮምፒውተሩ በአሥረኛው ደቂቃ ጠፋ።

ጋሽ ደቂቃ ሽፋኑን ከፈቱና የብረቱን ቁራጭ በጣታቸው ነኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ከሥሩ የፕሮሰሰሩን ጠርዝ ሲነኩ ግን ጣታቸው ተለበለበ። እንዴት አንዱ እሳት፣ በላዩ የተቀመጠው በረዶ ይሆናል? ፈቱት፤ የሰዓት መነጽራቸውን ዐይናቸው ላይ ሰክተው አዩ። ለባዶ ዐይን ልሙጥ የመሰለው ብረት በመነጽር ሲታይ የታረሰ ማሳ ነው። ሁለቱ ብረቶች ሲገጣጠሙ በየትልሙ አየር ይቀራል፤ አየር ደግሞ ሙቀት እምብዛም አያሻግርም። ቅባቱ ያንን ክፍተት እየሞላ ሙቀቱን ወደ ላይኛው ብረትና ወደ ማራገቢያው የሚያሻግር ድልድይ ኖሯል። ድልድዩ ሲጠፋ ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል።

"አሃ!" አሉ ብቻቸውን፤ ፊታቸው በራ። ወዲያው የሻጯ የተደፋ አንገት ታያቸው። መነጽሩን ከዐይናቸው አወጡ።

ቅባቱን የገዙት ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ማንም ከማያውቃቸው ሱቅ ነው። የስንዴ ፍሬ ታህል ቀብተው ገጠሙ። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ሠራ።

"እጅህ ይባረክ አባዬ!" አለች ልጃቸው። "ያቺ አጭበርባሪ ናት እንጂ መጀመሪያውኑ..."

"ተይ፣ እንዲህ አይባልም።"

"ምን አልኩ? ለማተሚያ ቤቶቹም ነግሬያቸዋለሁ፣ ከሷ እንዳይገዙ።"

 ምርቃቱ ከእርግማን ይልቅ ከበዳቸው።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ሄዱ። ሻጯ ከመጋረጃው ጀርባ "ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ" ስትል ሰሟት፤ የማይፈልጉትን ገመድ ገዝተው ተመለሱ። ሌላ ቀን ባለሱቁን ለብቻ፣ "ልጅቷ ደህና ናት?" አሉት። "የቷ ልጅ?" አላቸው። ረስቶታል! ይህ ደግሞ ከሁሉ አንገበገባቸው።

በመጨረሻ ለልጃቸው አንድም ሳይደብቁ ተናገሩ። እሷም፣ "ለማተሚያ ቤቶቹ እኔ እደውላለሁ። የቀረውን ግን ለኔ ምን ትነግረኛለህ? የሰደብከው እኔን አይደለም" አለች።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ረፋድ። ጋሽ ደቂቃ ሱቁ በሰው እስኪሞላ ውጭ ቆመው ጠበቁና ገቡ። ልጅቷ እንድትጠራላቸው ጠየቁ። ባለሱቁ ግራ ገባው።

"ጋሼ፣ ቅሬታ ካለ ውስጥ ገብተን ቁጭ ብለን እናውራ።"

"የለም። ስሰድባት ውስጥ ገብቼ አልነበረም።"

ልጅቷ እጇን ከአቧራ እያራገፈች መጣች። ጋሽ ደቂቃ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"እኔ... ያን ለት የተናገርኩት..." አሉ በለሆሳስ።

"ጋሼ" አለች ዐይን ዐይናቸውን እያየች፣ "ከኋላ ያሉት አይሰሙም።"

 ወደ ደንበኞቹ ዞሩና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

"ሜሞሪው ደህና ነበር። እሷ አልዋሸችም። ቅባቱን ጠርጌ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

"የምን ቅባት?" አለ አንዱ።

ጋሽ ደቂቃም ኮፍያቸውን እያሻሹ፣ ያፈሩበትን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ለሰው ሁሉ ማስረዳት ያዙ።