መሬት የማትነካ ቃሬዛ

ወደ ኦስትሪያ ልሄድ ከባሌ ሮቤ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው። መናኸሪያ ድረስ የሸኘችኝ ታናሽ እህቴ ዘነበች ጩኮ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፣ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝና ፊቷን አዞረች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጠዋት የሸሸሁት ከእሷ ነበር።

ዘነበች ከባሏ ጋር ሃረና ጫካ ውስጥ፣ መኪና የማይገባበት ሰፈር ነው የምትኖረው። እኔ በያጅ ነኝና የድሮው የእንጨት ቃሬዛ አረጀ ብዬ፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ያየሁትን ልክ ቀድቼ ለሰፈሩ የብረት ቃሬዛ ሠራሁ። ስሠራ ኮርቼ ነበር። የእኛ ሰው ግን በሽተኛ የሚሸከመው በትከሻው ነው፤ የሚቀያየረውም እየሄደ ነው። የእኔ ቃሬዛ እጀታ አጭር ስለነበር ለመቀያየር በየጊዜው ማውረድ ግድ ሆነ። ዘነበችን ምጥ ሲይዛት በየጥቂት እርምጃው ጭቃ ላይ እያወረዱ ወሰዷት። ጎባ ሆስፒታል ስትደርስ ልጇ በሕይወት አልነበረም። እሷ አንድ ቀን ወቅሳኝ አታውቅም፤ ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ኦስትሪያ በሥራ ፈቃድ ገባሁ። የፈቃድ ቢሮው ሰውዬ ስለ ቃሬዛ ሥራዬ የጻፍኩበትን ወረቀት ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣

«በሽተኛ በትከሻ? መንገድ የላችሁም?» አለኝ።

«መንገድማ አለን፤ መኪናው ነው አልስማማም ያለው።»

ሳይስቅ ማኅተሙን መታ።

ብርዱ የባሌን ተራራ፣ ሳነቴን፣ ለሚያውቅ ሰው ብርቅ አይደለም። የከበደኝ፣ ሰው ሰላም ሳይልህ አጠገብህ ማለፉ ነው። እኛ ጋ እኮ «አካም ቡልተን»፣ እንዴት አደራችሁ፣ ተባብሎ እስኪያልቅ ግማሽ መንገድ ይሄዳል።

የተቀጠርኩበት ፋብሪካ ለተራራ አደጋ «ትራገ» ይሠራል፤ ቃሬዛ ማለታቸው ነው። ከሥር ጎማ አለው፣ ሁለት ሰው ይበቃዋል። ባየሁት በሦስተኛው ቀን ለአለቃዬ ስምንት ሰው የሚሸከመው፣ ረጅም እጀታ ያለው ቃሬዛ ሥዬ አሳየሁት፤ አዲሱ ሰው ትከሻውን ሳያስገባ የቀደመው አይወጣም።

«ዋሩም? ስምንት ሰው ለምን?»

«እኛ ጋ ሰው ታመመ ሲባል ሰፈሩ ነው ነቅሎ የሚወጣው። የጎደለን መያዣ እንጂ ሰው አይደለም።»

እስቲ ሥራት አለኝ። ናሙናዋን በየቅዳሜው ከሦስት ያገሬ ልጆች ጋር፣ በሰው ፈንታ ድንች በጆንያ ጭነን፣ የቤቴ ደረጃ ላይ ሞከርናት። አከራዬ በሩን ከፍታ፣

«ሰው ታመመ?» አለች።

«አይ፣ ድንች ነው።»

በማግስቱ ድንች ደረጃ ላይ ማመላለስ ክልክል ነው የሚል ወረቀት ለጠፈች።

በመጨረሻ አለቃዬ ራሱ ተኛባት። ስምንት ሆነን ከፋብሪካው ጀርባ ያለውን ዳገት አንድ ጊዜ እንኳ ሳናወርደው ወጣን። ወርዶ ክራቫቱን አስተካከለና «ትሠራለች» አለ። እኔ እንደ ሚዜ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። የመጀመሪያዋ ሃረና እንድትላክ ለመንኩት፣ ላካት። ዘነበች ያኔ እንደገና ነፍሰ ጡር ነበረች።

ባለፈው ሳምንት ስልክ ተደወለ። ዘነበች ናት፣ ከጎባ።

«ወንድ ነው» አለች። «ጭቃው ያው ነው፤ እኔ ግን አልነካሁትም።»

ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፤ ደስታ ነው፣ አላፈርኩም። ከዚያ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ሁሴን፣ ስልኩን ተቀበሏት።

«አልሃምዱሊላህ፣ ሁሉ ሰላም ነው» አሉኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ ኦቦ፣ እርስዎም ደከሙ።»

«እኛስ ድርሻችንን ተሸከምን። ልጁን ግን ከእጅ እጅ እያዞርነው ነው፤ ያንተ ተራ ሲደርስ ለማን እንስጠው?»