«ስቲል» ማለት ምን ማለት ነው

ሲ.ኤም.ሲ ካፌ ተቀምጬ ውሃ ባዝዝ አስተናጋጇ ጠርሙሱን ይዛ መጣችና «ስቲል ነው፤ ይሁን ወይስ ጋዝ ያለው ልቀይርልዎት?» አለችኝ። ቃሉን ጠርሙሱ ላይ ሳየው ያ ቀን ትዝ አለኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን «ስቲል» ማለት «ገና» ወይም «እስካሁን» ማለት ነው ብለውን ነበር። እናቴን ምጥ ሲይዛት እኔና ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ከእንጦጦ ቁልቁለቱን ደግፈን ክሊኒክ አደረስናት። ነርሷ ለጉዳይ ወጥታ ስለነበር ያገኘነው አማርኛ የማታውቅ ፈረንጅ ሐኪም ብቻ ነው። ሐኪሟ ማዳመጫዋን እናቴ ሆድ ላይ ከወዲያ ወዲህ ስታዞር ቆየችና ወደ እኔ ዞራ፣ ቀስ ብላ፣ «ዘ ቤቢ ኢዝ ስቲል» አለች።

ዓረፍተ ነገሩ የሚቀጥል መስሎኝ ጠበቅኩ። አልቀጠለም።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

«ሕፃኑ ገና ነው።»

ፊቷ ፈታ አለ። «ገና ከሆነስ እችለዋለሁ» ብላ ጋደም አለች።

እትዬ ብርቄ ግን ዓይኗን ከሐኪሟ ፊት አልነቀለችም። እጄን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝና ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ልጁ ዝም ብሏል ነው ያለችሽ» አለችኝ። «አሁን ገብተሽ አታርሚው። የሰጠሻትን ‹ገና› አትቀሚያት።»

በሩ ክፍት ነበር። እናቴ ከውስጥ ተጣራች።

«እስኪ ጠይቂልኝ፣ አሁንም ገና ነው?»

ካፌው ውስጥ አስተናጋጇ ጠርሙሱን እንደያዘች መልሴን ትጠብቃለች።