የሽንኩርቱ ቢላዋ

እኛ ሰፈር፣ መካነ ሰላም፣ ሰርግ ሲደርስ ሴቶች ሽንኩርት ለመክተፍ ይሰበሰባሉ። እያንዳንዷ ቢላዋዋን ከቤቷ ይዛ ትመጣለች። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ሲከትፉ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ እዚያ ይነሳል። እዚያ ያልተቀመጠች ሴት የሰፈሩ ሰው ናት ለማለት ይቸግራል።

ልጄ ከአረብ አገር ታማ ከተመለሰች ወዲህ እዚያ አልተቀመጠችም። ስትመጣ እንቅልፍ አጥታ፣ የሌለ ሰው ይጠራኛል እያለች ነበር። ሸሁ ቁርአን ከቀሩላት በኋላ፣ «ዱዓውም መድኃኒቱም ከአላህ ነው፤ ሐኪም ዘንድም ውሰጃት» አሉኝ። ደሴ ወሰድኳት። መድኃኒቱን ስትጀምር እንቅልፏ ተመለሰ፤ ቀስ እያለ ሳቋም መጣ።

ማንንም በክፉ ነክታ አታውቅም። ሰው ግን የሚያስታውሰው የመጣች ሰሞን የነበረችውን ነው። ሽንኩርት ወዳለበት ስትገባ ቢላዋዎቹ ነጠላ ስር ይገባሉ። «የኔ እህት፣ ውሃ አምጪልን» ይሏታል፣ ድምፃቸውን አለስልሰው። ያ ልስላሴ ከስድብ ይከፋ ነበር።

ዘንድሮ የጎረቤታችን ልጅ ስትዳር፣ «ቅሪ ልጄ፣ እኔ እበቃለሁ» አልኳት።

«ከቀረሁማ እውነት ነው ይላሉ» አለችና ቀድማኝ ወጣች። ቢላዋ አልያዘችም።

ምንጣፉ ላይ የሙሽራዋ አያት ተቀምጠዋል። ምላሳቸውን ሰፈሩ ሁሉ ይፈራዋል። ልጄን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ሌላው በሹክሹክታ የሚለውን ጮክ ብለው ጠየቁ።

«አንቺ፣ ያ ነገር ለቀቀሽ?»

መክተፉ ቆመ። በልቤ «ያረቢ» አልኩ።

«አልለቀቀኝም፣ እማማ» አለች ልጄ። «በፊት እሱ ነበር የያዘኝ። አሁን እኔ ይዤዋለሁ። መድኃኒቴን ስውጥ ፀጥ ይላል።»

አሮጊቷ ትከሻቸው እስኪናጥ ሳቁ።

«እሱን የያዘ እጅ ይሄ ያቅተዋል?» ብለው የገዛ ቢላዋቸውን በእጀታው በኩል ዘረጉላት። «በይ ያዥ! የኔ ዓይን እንደሆነ ደክሟል።»

ተቀበለች። አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። ሌላዋ ሽንኩርቷን ልጣ ሳትጨርስ፣ «ወንድሜን አረቄ ይዞታል። እዚያ ደሴ እሱንም ያዩት ይሆን?» አለች። በሹክሹክታ አልነበረም፤ ሁላችንም ሰማን።

«ያዩታል» አለቻት ልጄ። «እኔ ስመላለስ አብሬው እሄዳለሁ።»

ሁለቱ ይህን ሲጫወቱ አሮጊቷ ወደ ልጄ ሳፋ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኧረ አንቺ! ይሄ ሽንኩርት ነው የግንብ ድንጋይ? አረብ አገር እንዲህ ነው የሚከተፈው?»

«ምን ላድርግ፣ የሰጡኝ ቢላዋ ዱልዱም ነው!»

ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አሮጊቷም ጭምር። ያን ቀን ውሃ አምጪ ያላት የለም።

ልጄ በሰው መሀል ተሰደበች፤ እሷም መለሰች። ዓይኔ እንባ ሞላ። እዚያ ምንጣፍ ላይ ደግሞ ለምን ታለቅሻለሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አልሃምዱሊላህ።