ምስር ሾርባው ቬሉቴ የተባለ ለት

ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በምግብ ቤቱ ሁሉም «ጨው ልክ» ይላታል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታበስል አንድ ቀን እንኳ ጨው አብዝታ ወይም አሳንሳ አታውቅምና። ወሬ አታበዛም። ጠዋት ምድጃዋን ለኩሳ፣ ሽንኩርቷን ከትፋ፣ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት ሦስት ድስት ጥዳ ትጠብቃለች።

ጣጣው የጀመረው ከመንገዱ ማዶ አዲስ ምግብ ቤት ሲከፈት ነው። እዚያ ድንች ድንች አይባልም፤ የፈረንጅ ስም አለው። ደንበኛ ደግሞ ስም ይወዳልና አንድ በአንድ ተሻገረ። የጨው ልክ አሠሪም «ከማን አንሼ!» ብሎ አንድ የሜኑ ባለሙያ አመጣ። ባለሙያው ሳምንት ሙሉ ጥግ ይዞ በላ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ከዚያ በወርቃማ ፊደል የታተመ ሜኑ መጣ። ቬሉቴ ይላል፣ ግራታን ይላል፣ ራጉ ይላል።

አሠሪው ወርቃማዎቹን ስሞች ብቻ አገላብጦ አየ፤ አንዱም አልገባውም። ለባለሙያው ደውሎ እንዳይጠይቅ፣ አላውቅም ማለት ለእሱ ሞት ነው። ስለዚህ በገዛ ራሱ ፈረደ፤ እነዚህ አዳዲስ ምግቦች ናቸው፣ አዲስ ሼፍ ያስፈልጋቸዋል። ጨው ልክን አስጠርቶ፣ ወሩ ሲያልቅ ማረፍ እንደምትችል ነገራት። ማረፍ ያለው መባረሯን ነው። ክው ብላ ቀረች። «እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ሼፉ ለፈተና መጣ፤ ነጭ የለበሰ፣ የምስክር ወረቀቶቹን የታቀፈ ጎልማሳ ነው። አሠሪው ቬሉቴ ሠርቶ እንዲያመጣ አዝዞ ወደ ኩሽና ሰደደው። ሰውየው ግን ሜኑውን እያነበበ ግራ ገባው።

«እትዬ፣ ቬሉቴ ውስጥ ይሄ ሁሉ ምስር ምን ይሠራል? እኔ የተማርኩት እንዲህ አይደለም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወረቀቱን ተቀብላ ከስሙ ሥር በደቃቁ የተጻፈውን አነበበች። ምስር፤ እስኪጠቁር የተጠበሰ ሽንኩርት፤ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሎሚ። ሎሚውን ከወረደ በኋላ የሚጨምቅ ሌላ ማን አለ? ወደ ታች ቀጠለች። ግራታን የተባለው የማክሰኞ ድንቿ ነው። ራጉ የተባለው ሥጋ በቲማቲሟ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የእጇን ሥራ እንዲሠራ በእሷ ቦታ ሰው ሊቀጠር ነው! የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ዘጭ አለች።

ሼፉም ነገሩን ሲሰማ አፉን ያዘ፤ ድስቱንም ለቀቀላት። ሠራችው። ጋሼ አንዴ ይቅመሱት እንጂ ያውቁታል ብላ ተማምናለች። ሼፉ ሳህኑን ይዞ ወጣ፣ እሷም ተከተለችው።

አሠሪው አንድ ማንኪያ ፉት አለና ዓይኑን ጨፈነ።

«አየህ፣ ምግብ ማለት ይሄ ነው» አለው ሼፉን። «እኔ እስከ ዛሬ ሆዴን ስሞላ ነው የኖርኩት።»

ጨው ልክ ጆሮዋን ማመን አቃታት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል ሰምታለች፤ ወርቁ እሷ ስትሆን ግን አንጀቷ ተቃጠለ።

«ጋሼ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ምስር ሾርባው ነው። ትናንት ለምሳ የበሉት።»

ሼፉም እውነቷን ነው ሲል ራሱን ነቀነቀ። አሠሪው እሷን አየ፣ ሜኑውን አየ፣ ደግሞ አንድ ማንኪያ ቀመሰና ፊቱን አኮማተረ።

«ለነገሩ፣ ትንሽ ቀጥኗል» አለ።

ለመባረሯ ልቧን አዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም። ከድንጋጤዋ ብዛት ሳቋ መጣ። እጇን ዘርግታ፣ ገና ግማሹ ያልተበላውን ሳህን ከፊቱ አነሳችው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሚበላ ሰው ፊት ምግብ ስታነሳ የመጀመሪያዋ ነበር።